ሰው ከወንበር፣ እግሩ ከፖርቶ መጋላ

ከወረዳ ወደ ዞን ከተማ የሚመላለስ ቅጥቅጥ አይሱዙ ጣሪያ ላይ፣ ከከሰል ማዳበሪያው፣ ከዶሮ ቅርጫቱና ከቢጫ ጀሪካኑ መካከል ዊልቸር በገመድ ታስሮ ያየ አንባቢ አይጠፋም። ብዙዎቻችን የምናየው እንደ ዕቃ ነው። ለባለቤቱ ግን ያ የታሰረው ነገር እግሩ ነው። እሱ ከታች፣ ሁለት ሰው በብብቱና በጉልበቱ ይዞ ባስቀመጠው ቦታ ተቀምጦ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ጣሪያው ላይ የሚንኳኳውን ድምፅ ያዳምጣል። ጎማው ቢጣመም ወይም የእግር ማሳረፊያው ወልቆ መንገድ ላይ ቢቀር፣ ሲወርድ መሬት ላይ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አንድ ነው፤ ዊልቸር የሚጠቀም ሰው በተጨናነቀ የገጠር አውቶቡስ እንደማንኛውም ተሳፋሪ ሒሳቡን ከፍሎ ተሳፍሮ፣ ክብሩ ሳይነካ መውረድ ያልቻለው ለምንድን ነው? መልሱ ብዙ ጊዜ “አገሩ ድሃ ነው” ተብሎ ይዘጋል። ድህነት ድርሻ አለው፤ መካድ አይቻልም። ይሁንና የሀብታሞቹ አገሮች ሕግ ራሱ ወደ ገጠሩ መስመር ሲጠጋ እንደሚሳሳ፣ በአንጻሩ እኛ በእጃችን ባለ ድንጋይ፣ ላሜራና ብየዳ ልንሠራው የምንችለው ብዙ ነገር እንዳለ ሲታይ፣ የጎደለው ከገንዘቡ ይልቅ ኃላፊነቱን “የእኔ ነው” የሚል አካል መሆኑ ይገለጣል።

ስንት ሰው ነው?

የትራንስፖርት ባለንብረቶች በመጀመሪያ የሚያነሡት ክርክር “በዊልቸር የሚሄድ ተሳፋሪ የታለ?” የሚል ነው። በርግጥም በመናኸሪያ ውስጥ ሲታይ ጥቂት ነው። ነገር ግን በሩ ተዘግቶበት የቀረን ሰው በበሩ በኩል ሲያልፍ አላየሁም ብሎ የለም ማለት አይቻልም።

ቁጥሩም ቢሆን አጨቃጫቂ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ ከመቶ 1 ገደማ ብቻ አድርጎ አውጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ ያስቀመጠው ግምት 17.6 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው በዋናነት የአጠያየቁ መንገድ ነው። “በቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?” ሲባል ይሉኝታና የነቀፌታ ፍርሃት አፍ ያስይዛል፤ “ለመራመድ፣ ደረጃ ለመውጣት የሚቸገር አለ?” ሲባል ግን አያት ይቆጠራሉ፣ በልጅነት ልምሻ የያዘው ወንድም ይቆጠራል፣ ከግንባታ ላይ የወደቀው የቀን ሠራተኛ ይቆጠራል። በሰሜኑ ጦርነት እግሩን ያጣውም ወጣት እንዲሁ።

ከእነዚህ ሁሉ ዊልቸር የሚጠቀመው ጥቂቱ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ዊልቸሩን የሚያስቆመው ደረጃ ነፍሰ ጡሯንም፣ በክራንች የሚሄደውንም፣ ልጅ አዝላ ዕቃ ያንጠለጠለችውን እናትም ያደክማል። ዊልቸር የገባበት በር ሁሉንም ያስገባል።

ሰንሰለቱ የሚበጠስባቸው ቦታዎች

ጉዞ ሰንሰለት ነው፤ አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች የቀሩት ቢጠነክሩም ትርጉም የለውም። የመጀመሪያዋ ቀለበት ከቤት እስከ መንገድ ያለችው ናት። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አሸዋና ጠጠር፣ ለሆስፒታል ወለል የተሠራ ቀጭን የፊት ጎማ ይሰምጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው እስከ ዋናው መንገድ የሚደርሰው በጋሪ፣ በባጃጅ ወይም በቤተሰብ ጀርባ ነው።

ሁለተኛዋ መናኸሪያው ናት። የገጠር መኪና ሰዓት የለውም፤ ሲሞላ ይነሣል። በገበያ ቀን ረዳቱ የመድረሻውን ስም ሲጠራ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ይጎርፋል። በግፊያው መካከል ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ቁመቱ የሌላው ሰው ደረት ድረስ ነው፤ አይታይም። የሚፈሰው ሕዝብ ካለፈ በኋላ ይታያል፤ ያኔ “ቦታ አልቋል፤ የሚቀጥለውን ጠብቅ” ይባላል። የሚቀጥለውም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛዋ በሩ ናት። እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ አውቶቡስ ወለሉ ከፍ ያለ ነው። ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በሕንፃ ሥራ የተለመደው የዊልቸር መወጣጫ ተዳፋት 1 ለ12 ነው፤ በዚህ ልክ 90 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 10.8 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። ረዳት ገፊ አለ ብለን 1 ለ8 ብናደርገው እንኳ 7.2 ሜትር ነው። ይህን የሚያህል መወጣጫ ይዞ የሚዞር መኪና የለም። በከተማ የሚታዩት ዝቅተኛ ወለል ያላቸው አውቶቡሶች ወለላቸው ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ አጭር መወጣጫ ይበቃቸዋል፤ ድንጋይ በፈነቀለና ጎርፍ በቦረቦረው ጠጠር መንገድ ላይ ግን ሆዳቸው ይመታል። የከተማውን መፍትሔ ገልብጦ ወደ ገጠር ማምጣት የማይሠራው ለዚህ ነው። በሞተር የሚወርድና የሚወጣ ማንሻም አለ፤ ነገር ግን አቧራ ይጠላል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ከተበላሸም አዲስ ግድግዳ ሆኖ በሩ ላይ ይቀራል።

አራተኛዋ የመኪናው ውስጥ ናት። የዊልቸር ወርድ እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የእኛ መኪኖች መተላለፊያ ከዚያ እጅግ ይጠባል፤ እሱም በትርፍ ሰው ይሞላል። ስለዚህ ቦታ መኖር ያለበት ከበሩ አጠገብ ነው። የእንግሊዝ ደንብ ለአንድ ዊልቸር የሚጠይቀው ቦታ 130 በ75 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የሦስት ወይም የአራት ሰው ወንበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰው በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ የገቢውን ሲሦ ያህል ይወስዳል። ረዳቱ “ለዊልቸሩስ ስንት ትከፍላለህ?” የሚለው ከዚህ ስሌት ተነሥቶ ነው። ጥያቄው ያማል፤ ይሁን እንጂ ከረዳቱ ክፋት ብቻ የመጣ አይደለም። የቀኑን ገቢ ለባለንብረቱ ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ኪሳራውን ብቻውን እንዲሸከም የተተወበት አሠራር ውጤት ነው።

አምስተኛዋና የምትረሳው መውረጃዋ ናት። መናኸሪያ ላይ ተሸክሞ የሚያወጣ ሰው ይገኛል፤ በመንገድ ዳር በአንዲት ዋርካ ሥር ሲወረድ ግን ረዳቱ ይቸኩላል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል።

መሸከም መድረስ አይደለም

“ታዲያ ሕዝባችን ደግ ነው፤ ተሸክሞ ያሳፍራል” የሚል አለ። እውነት ነው፤ ያ ደግነት ባይኖር ኖሮ ብዙዎች ከቀያቸው አይወጡም ነበር። የሚሸከሙትን እጆች ማቃለል ነውር ነው። ግን የደግነቱ ሌላ ገጽታ መነገር አለበት።

የጀርባ አጥንቱ የተጎዳን ሰው በብብት አንጠልጥሎ መጎተት ትከሻውን ሊያወልቅ፣ ቆዳውን ሊልጥ ይችላል። ስሜት በሌለው ገላ ላይ የደረሰ ቁስል ሳይታወቅ ያመረቅዛል። የራሱ ትራስ ከዊልቸሩ ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሰዓታት በደረቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለሰው ለመዳን ወራት በሚፈጅ የግፊት ቁስል ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ መውረድና ወደ ዊልቸር መመለስ ስለማይቻል ውኃ ሳይጠጡ የሚጓዙ አሉ፤ ይህም ለኩላሊትና ለሽንት ቧንቧ ሕመም ያጋልጣል። ሴት ደግሞ ሌላ ሸክም አለባት፤ የማታውቀው ወንድ እጅ በገላዋ ላይ ያርፋል፤ እንዳትቃወም ውለታ ነው፣ እንዳትቀበል ክብሯ ነው። ይህን ላለማየት ትምህርቷን ወይም ሕክምናዋን የምትተው እህት ብትኖር ሊፈረድባት አይገባም።

ሌላው አማራጭ ኮንትራት ነው። ሚኒባሱን ወይም ባጃጁን ሙሉ ለሙሉ ተከራይቶ መሄድ። ገቢው ከሌላው ሰው ያነሰ ሰው ለተመሳሳይ መንገድ ከሌላው ሰው ብዙ እጥፍ ይከፍላል ማለት ነው። የሐኪም ቀጠሮን በመተውና ያላትን በመሸጥ መካከል እንድትመርጥ የምትገደድ ቤት የምትፈጠረው እንዲህ ነው። መብት የሚባለው ተሳፋሪው የረዳቱን የዕለት ስሜት ሳይለምን መሄድ ሲችል ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በአሜሪካ የለውጡ መነሻ ከሚባሉት አንዱ የዴንቨር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1978 ቄስ ዌድ ብላንክ አብረዋቸው የቆሙ 19 አካል ጉዳተኞች በኮልፋክስና በብሮድዌይ መገናኛ ዊልቸራቸውን ከአውቶቡሶች ፊትና ኋላ ደቅነው እስከ ማግስቱ መንገዱን ያዙ። ጥያቄያቸው አዳዲሶቹ አውቶቡሶች ማንሻ ይኑራቸው የሚል ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1990፣ የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተፈርሞ የሕዝብ አውቶቡስ ለዊልቸር ምቹ እንዲሆን አስገደደ። ሕጉ በመደበኛ አውቶቡስ መጠቀም ለማይችል ሰው ከመስመሩ ግራና ቀኝ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ በጥሪ የሚመጣ መኪና እንዲኖርም ያዛል። ነገር ግን ከዚህ የጥሪ አገልግሎት ግዴታ ነፃ የተደረጉት ሠራተኛን ከሩቅ ሰፈር ወደ ከተማ የሚያመላልሱ የኮሙተር አውቶቡሶች ናቸው። ሩቅ የሚኖረው ሰው እዚያም ቢሆን ከጥበቃው ጠርዝ ላይ ቀርቷል።

የእንግሊዝ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሆን፣ ከ2017 መባቻ ጀምሮ የአካባቢ አገልግሎት የሚሰጡ አውቶቡሶች ሁሉ መሥፈርቱን እንዲያሟሉ አድርጓል። እሱም ገደብ አለው፤ የሚመለከተው ከ22 በላይ ተሳፋሪ የሚጭኑትን ነው። ተሳፋሪ በሚሳሳበት ገጠር የምትሠራው ትንሿ መኪና ከመሥፈርቱ ውጭ ናት።

ከሁሉ የበለጠ ለእኛ የሚያስተምረው ግን እዚያው እንግሊዝ የሚኖረው የዊልቸር ተጠቃሚ የዳግ ፖሊ ጉዳይ ነው። ፖሊ የካቲት 24 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ዌዘርቢ ከምትባል የገበያ ከተማ ወደ ሊድስ ለመሄድ አውቶቡስ ሲጠብቅ የመጣው መኪና መወጣጫም፣ የዊልቸር ቦታም ነበረው። ቦታውን ግን የተኛ ሕፃን በጋሪ የያዘች እናት ይዛዋለች። ሾፌሩ ጠየቃት፤ ጋሪው አይታጠፍም አለች። ፖሊ ቀረ፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ሄዶ ባቡሩ አመለጠው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 2017 ፍርድ ቤቱ የወሰነው ሾፌሩ አንዴ ጠይቆ ዝም ማለቱ አይበቃም፤ እምቢታው አግባብ ካልሆነ እንደየሁኔታው መኪናውን ለጥቂት ደቂቃ እስከማቆም ድረስ ጫና ማድረግን ማሰብ አለበት የሚል ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ብረቱ ብቻውን አያደርስም፤ ሰው ሲጨናነቅ ማን ይቅደም የሚለው በደንብ ካልተጻፈ፣ ሾፌሩም ሥልጣኑን ካላወቀ፣ የተዘጋጀው ቦታ ሳይቀር ይያዛል።

በብራዚል ኩሪቲባ ከተማ ደግሞ ችግሩን ገልብጠው አዩት። እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመሯቸው የቱቦ ቅርፅ ያላቸው ጣቢያዎች ወለላቸው ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ነው። ከአውቶቡሱ በር አጭር ድልድይ ይዘረጋል፤ ተሳፋሪው ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ይገባል። አውቶቡሱን ዝቅ ከማድረግ መሬቱን ከፍ ማድረግ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ የተወለደው ለትልቅ ከተማ ቢሆንም ለከፍተኛ ወለል መኪናችን ከዝቅተኛው አውቶቡስ ይልቅ ይስማማል።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ተሽከርካሪያቸውን ለአካል ጉዳተኞች እንዲያመቻቹ አዘዘች። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶቿ ግን በአብዛኛው እንደነበሩ አሉ። ወጪውን ማን እንደሚጋራ ያልተናገረ ትእዛዝ እስከ መኪናው በር ድረስ አይደርስም።

የእኛ ሕግ የት ቆመ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያና ድጋፍ እንዲያደርግ ይላል። አዋጅ 568/2000 የሥራ ስምሪት መብታቸውን፣ የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ሕንፃዎች መግቢያ ለእነሱ እንዲመች ደንግገዋል። በአዋጅ 676/2002 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 9 ተደራሽነትን ሲዘረዝር ትራንስፖርትን በስሙ ጠርቶ፣ በከተማም በገጠርም ብሎ ነው። ቃሉ ተሰጥቷል።

እነዚህን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ክፍተቱን ያየዋል። የሥራ መብት አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ በርም መወጣጫ እንዲኖረው ታዟል። በሠራተኛው ቤትና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ግን በረዳቱ ይሁንታ ላይ ተንጠልጥሏል።

የመንገዱ ታሪክም እንደዚሁ ነው። በ1989 ዓ.ም. 26 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የተባለው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የተነሣ ትልቅ ሥራ ነበር። ስሙ ውስጥም “ተደራሽነት” የሚል ቃል አለ። ይሁንና ተደራሽነቱ የተለካው መንገዱ ቀበሌው ድረስ በመድረሱ ነው። በመንገዱ ላይ በሚሄደው መኪና ማን ይሳፈራል የሚለው በመለኪያው ውስጥ አልገባም።

ከየት ይጀመር?

በቅደም ተከተል ቢታሰብ ነገሩ አያስፈራም። መጀመሪያ፣ ምንም ብረት የማይፈልገው ይቅደም። ተራ አስከባሪው ግፊያው ሳይጀመር ዊልቸር ያለውን ሰው አስቀድሞ ያሳፍር። ለዊልቸር ተጨማሪ ሒሳብ መጠየቅ በታሪፍ ሰሌዳው ላይ በግልጽ ይከልከል። የሚታጠፍ ዊልቸር ፖርቶ መጋላ ላይ ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ወይም ከኋላ ወንበር ጀርባ ይቀመጥ፤ ትራሱ ከባለቤቱ አይለይ። ሾፌርና ረዳት ሲሠለጥኑ ሰው እንዴት እንደሚነሣ ይማሩ፤ ከሁሉም በፊት ባለቤቱን “እንዴት ልያዝዎት?” ብሎ መጠየቅን ይልመዱ።

ቀጥሎ መናኸሪያው ነው። በየወረዳው መናኸሪያ አንድ የድንጋይና የሲሚንቶ መድረክ፣ ከተዳፋት መወጣጫ ጋር ይሠራ። 10.8 ሜትር የሚረዝመው መወጣጫ ከመኪና ጋር አይሄድም፤ በመናኸሪያ ግቢ ውስጥ ግን ቦታ አያጣም። ሁለት ከፍታ ቢኖረው፣ አንዱ ለቅጥቅጡ፣ አንዱ ለሚኒባሱ ይሆናል። ግንበኛና ጥርብ ድንጋይ የሌለው ወረዳ የለም። በዋና ዋና መውረጃዎችም በመንገዱ ዳር ያለውን ጉብታ አስተካክሎ ትንሽ መድረክ መሥራት ይቻላል።

ከዚያ መኪናው ነው። እዚህ ላይ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አለን። ቅጥቅጡ ስሙ እንደሚናገረው አካሉ እዚሁ አገር ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ የሚሠራ ነው። በሩ 80 ሳንቲ ሜትር እንዲሰፋ፣ የበሩን ውስጥ ደረጃ የሚሸፍን ተከፋች ላሜራ እንዲኖረው፣ ከበሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች ወደ ግድግዳ የሚታጠፉ እንዲሆኑ፣ ዊልቸሩን የሚይዝ ቀበቶ እንዲገጠም ለማዘዝ ውጭ አገር ያለ ፋብሪካን መለመን አያስፈልግም። ዊልቸር በሌለበት ቀን በታጣፊው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ገቢው አይቀርም። አዲስ የሚሠራ አካል ሁሉ ይህን ካላሟላ ሰሌዳ አያገኝም ቢባል፣ አሮጌዎቹ ሲያልቁ አገሩ ቀስ በቀስ ይለወጣል።

የመጨረሻው ወጪው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዛሬ የዊልቸሩ ዋጋ በሙሉ በአንድ ረዳት የዕለት ገቢ ወይም በአንድ አካል ጉዳተኛ ኪስ ላይ ወድቋል፤ ሁለቱንም ያጎብጣል። በማኅበር የተደራጁ ባለንብረቶች፣ መናኸሪያውን የሚያስተዳድረው ከተማ፣ ታሪፉን የሚያወጣው ቢሮና መንገዱን የሚሠራው መንግሥት ቢካፈሉት ግን ለማንም አይከብድም። ዊልቸር ይዞ የተጓዘ መኪና በስምሪት ተራ ቅድሚያ ቢያገኝ እንኳ ረዳቱ ዓይኑን የሚያዞርበት ምክንያት ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዳቸውም ያለ ባለጉዳዮቹ መጀመር የለባቸውም። መድረኩ ሲለካ፣ በሩ ሲቆረጥ፣ ታሪፉ ሲጻፍ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት እዚያው ይኑሩ፤ ጎማው የት እንደሚሰነቀር ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጉዞህ ፖርቶ መጋላው ላይ የታሰረ ዊልቸር ብታይ ከመኪናው ስትወርድ አትለፈው። ቀድመህ ውረድና ዊልቸሩ ከጣሪያው መውረዱን አረጋግጥ፤ ከባለቤቱ በፊት በሩ ላይ ይድረስ። ሕጉ፣ መድረኩና በሩ እስኪመጡ ድረስ ይህ የሁላችንም ድርሻ ነው። እንዲመጡ መጠየቅም እንዲሁ።